ግሮቭ ስትሪት በየት በኩል ነበር?

ባለፈው እትም የድሮ ኦፕን ወርልድ ጌሞችን እንደገና የጀመራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ኦፕን ወርልድ ስል ተጫዋቹ ከተማውንም ገጠሩንም እንደ ልቡ የሚዞርባቸውን ማለቴ ነው። ደብዳቤው ጎርፍ ሆኖ መጣ። ግማሹ ከጂቲኤ ጌሞች አንዱ ስለሆነው ስለ ሳን አንድሪያስ ነው፣ እኔም ሌላ አልጠበቅኩም። ሰባቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።

ጥያቄ፦ ሰላም ብሮ። ሠላሳን ተሻግሬያለሁ፤ ሥራ አለ፣ ትዳር አለ፣ ልጅ አለ። በቀደም ሳን አንድሪያስን ላፕቶፔ ላይ ጫንኩና ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ ዘጋሁት። የሰዎቹ ጣት እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ተኩሱ አልታዘዝ አለኝ፣ መኪናው ይንሸራተታል። ልጅ ሆኜ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ያረጀሁት እኔ ነኝ ወይስ ጌሙ?
— የድሮ የፕሌይስቴሽን ቤት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያረጀ የለም። የተቀየረው ልማድህ ነው። አሁን የምንጫወታቸው ጌሞች ከመነሻ እስከ መድረሻ መንገዱን በቀለም ያሰምሩልናል። ተጫዋቹ መስመሩን እንጂ ከተማውን አያይም። ጂቲኤ ውስጥ ይሄ ነገር የመጣው በአራተኛው ነው፣ በ2008። ሳን አንድሪያስ የወጣው በጥቅምት 2004 ነው፣ በእኛ 1997 መሆኑ ነው፣ እና ያኔ የሚሰጥህ ነጥብ ብቻ ነበር። ነጥቧ ወዲያ ማዶ ትታያለች፣ በየት በኩል እንደምትደርስባት ግን ያንተ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሳናውቀው ከተማውን ተማርነው።

አጀማመሩን አስታውስ። የምንጫወትበት ልጅ ሲጄ አምስት ዓመት ርቆ ከቆየ በኋላ፣ እናቱ ሞታበት፣ ወደ ትውልድ ከተማው ሎስ ሳንቶስ ይመለሳል። ገና ከኤርፖርት ሲወጣ ፖሊሶቹ ይይዙትና ገንዘቡን ወስደው የጠላት ሰፈር ውስጥ ጥለውት ይሄዳሉ። ያለው አንድ ብስክሌት ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት ጌሞች አንዱ በብስክሌት ወደ ቤት፣ ወደ ግሮቭ ስትሪት፣ በመሄድ ነው የሚጀምረው! እኔ ያንን መንገድ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ሰፈራችን የነበረው ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ በሰዓት እየከፈልን ነበር የምንጫወተው፣ ባለቤቱ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ቴሌቪዥን ይዞ ሲቀመጥ ደስ አይለውም፤ ኳስ ቢሆን ሁለት ሰው ይከፍላል። ስለዚህ ጊዜ ማባከን የሚባል ነገር የለም፣ አቋራጩን ሁሉ ማወቅ ነበረብን። አንዱ ሲጫወት አራት ልጅ ከኋላው ቆሞ «በግራ! በግራ! በድልድዩ ሥር!» ይላል። የደብተራችን የመጨረሻ ገጽ የቺት ኮድ፣ ማለትም በጆይስቲኩ እየተጫነ ጌሙን የሚያታልል የቁልፍ ቅደም ተከተል ነበር። አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ ኤክስ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። ጤናህ ሙሉ፣ ጥይት መከላከያህ ሙሉ፣ ኪስህ ውስጥ 250 ሺህ ዶላር። አንዴ የጌሙ ሁለተኛ ከተማ ሳን ፊዬሮ ደርሼ፣ ለዚያ ቀን ከፍዬበት፣ ማታ ላይ አንድ ልጅ የኔ ላይ ሴቭ አድርጎበት ጠበቀኝ። ሚሞሪ ካርዱ 8 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ሁሌ ቦታ ጠባብ ነው። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ሀ ብዬ ከብስክሌቱ ጀመርኩ። ሎስ ሳንቶስን እንዲህ አድርጌ ያወቅኳት ለሁለተኛ ጊዜ ስለተማርኳት ይመስለኛል።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? በመጀመሪያ የኮምፒውተሩ ጌም ሴቲንግ ውስጥ ፍሬም ሊሚተር የሚል፣ የምስሉን ፍጥነት የሚገድብ ነገር አለ፣ አብራው። ይሄ ጌም ያለ ገደብ ሲሮጥ መኪና መንዳቱም መዋኘቱም ይበላሻል፣ «መኪናው ይንሸራተታል» ያልከው ምናልባት እሱ ነው። ቀጥሎ ዲስፕሌይ ውስጥ ግባና የራዳሩን፣ ማለትም የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ክብ፣ ካርታ አጥፍተህ ነጥቦቹን ብቻ ተው። ሦስተኛ፣ ለሁለት ቀን ሚሽን (የታሪኩን ተልዕኮ) አትንካ። ብላ፣ ጂም ግባ፣ ፀጉርህን ተቆረጥ፣ ብስክሌት ንዳ። ሲጄ ሲበላ ይወፍራል፣ ሲሠራ ጡንቻ ያወጣል፣ ብስክሌት በነዳ ቁጥር አነዳዱ ይሻሻላል። ተኩሱ ደካማ ነው፣ ያኔም ደካማ ነበር፣ እሱን አልከራከርህም። ግን ይሄን ጌም ለተኩሱ ብሎ የወደደው ሰው እኔ አላውቅም።

ጥያቄ፦ በ2021 የወጣውን አዲሱን ሳን አንድሪያስ ልግዛ ወይስ የድሮውን ልፈልግ? ሰው ሁሉ አዲሱን ይሰድበዋል።
— ከአዳማ

መልስ፦ ሲወጣ ስድቡ ይገባው ነበር። ዝናቡ ዓይን ያሳውራል፣ የሰዎቹ ፊት የላስቲክ ይመስላል፣ ጽሑፎች ላይ ስህተት ሞልቶ ነበር፣ ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቋል። እኔን ያስከፋኝ ግን ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር ነው፣ ጉሙ።

ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ነው። ዛሬ ስልክህ ላይ ያሉ ጥቂት ፎቶዎች ይሞሉታል። በዚያች ቦታ ሦስት ከተማ፣ በረሃና ጫካ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ጌሙ በአካባቢህ ያለውን ብቻ ከዲስኩ እያነበበ ያመጣል፣ ያለፍከውን ይጥላል። ሩቁን ደግሞ በጉም ይሸፍነዋል። በጣም ፈጥነህ ከነዳህ መንገዱ ሳይመጣ ትቀድመዋለህ፣ ታስታውሳለህ አይደል? ካርታው በጎን 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ትንሽ ነው። ግን መንገዱ ይጠማዘዛል፣ መሃል ላይ ተራራ ቆሟል፣ ከተራራው ወዲያ ያለው አይታይም። ከሎስ ሳንቶስ ወጥተህ ገጠር ስትገባ እውነት ሌላ አገር የሄድክ ይመስልሃል።

አዲሱ ላይ ጉሙን አነሱት። ማውንት ቺሊያድ የሚባለው ተራራ ጫፍ ላይ ስትቆም ከተሞቹ ሁሉ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ታያለህ። ያ ሁሉ አገር ለካ አንድ ሰፈር ነው! እኔ ያንን ሳይ የሆነ ነገር ተወሰደብኝ። በኅዳር 2024 አካባቢ በወጣው ማሻሻያ የድሮውን ብርሃንና ሰማይ የሚመልስ ምርጫ ጨምረዋል፣ ብዙ ስህተትም ታርሟል። ስለዚህ አዲሱን ከገዛህ ያንን ምርጫ ሳታበራ አትጀምር። የድሮውን ዲስክ ያለው ሰው ካገኘህ ግን እሱን ያዝ። ሬዲዮውም ሙሉ ነው፤ በኋላ በኢንተርኔት የተሸጡት ላይ የፈቃድ ጊዜያቸው ያለቀ ዘፈኖች ወጥተዋል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ኮር አይ 3 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ የግራፊክስ ካርድ የለውም። ጓደኞቼ ሁሉ ጂቲኤ 5 ነው የሚጫወቱት። ለእኔ የሚሆን ነገር አለ?
— ከሐዋሳ

መልስ፦ ሞልቷል። ሳን አንድሪያስ ሲወጣ የጠየቀው ራም 256 ሜጋባይት ነው፣ ዲስክ ላይ የሚይዘው 4 ጊጋ ገደማ። ጂቲኤ 5 ከ60 ጊጋ በላይ ነው፤ ዳታ ገዝተህ የምታወርድ ከሆነ ልዩነቱን ሒሳቡ ራሱ ይነግርሃል።

አንድ ብቻ ምረጥልኝ ካልከኝ ግን ማፍያ፣ የ2002ቱ። የቼክ ልጆች ናቸው የሠሩት። ከተማዋ ሎስት ሄቨን ትባላለች፣ ዘመኑ 1930ዎቹ ነው፣ አንተ ደግሞ ታክሲ ሹፌር ነህ። ልክ እንደ ላዳ ሹፌር ሰው ጭነህ ወደሚልህ ቦታ ትወስዳለህ። መኪናው ዳገት ላይ ይለምናል። ከተፈቀደው ፍጥነት ካለፍክ ወይም ቀይ መብራት ከጣስክ ትራፊክ ያስቆምህና ይቀጣሃል። መጀመሪያ ያናድዳል። ከሦስት ቀን በኋላ ግን የትኛው ድልድይ የት እንደሚያወጣ ታውቃለህ፣ የቻይናዎቹን ሰፈር ታውቃለህ፣ ማታ ሲዘንብ ዝግ ብለህ ትነዳለህ። በዚህ ጌም ቶሎ መድረስ የሚባል የለም፣ መንዳቱ ነው ጌሙ። በ2020 እንደገና ተሠርቷል፣ ቆንጆ ነው፣ ላንተ ላፕቶፕ ግን አይሆንም።

ኪስህ ባዶ ከሆነ ዳገርፎል አለ፣ የ1996። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ ከ2022 ጀምሮ በነፃ ነው። ካርታው የአንድ አገር ስፋት አለው ይባላል፣ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ከተሞች፣ መንደሮችና ዋሻዎች አሉት። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አከብረዋለሁም፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፦ አንድም መንደር አላስታውስም። አብዛኛውን ያፈለቀው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፣ አንዱ መንደር ከሌላው አይለይም። ሞክረውና ፍረድ፣ ነፃ ነውና።

ጥያቄ፦ ሞሮዊንድን ጀመርኩና ጠፋሁ። በቃ ጠፋሁ። ቀስት የለም፣ ምልክት የለም። «ከድልድዩ አልፈህ ወደ ምሥራቅ» ይለኛል። ሰይፍ ስሰነዝር ደግሞ ጠላቴን እየነካሁት አይመታም። ምልክት የሚያወጣ ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል) ልጫንበት?
— የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አትጫንበት፣ እባክህ! አንተ እኮ ከማንም በላይ ለዚህ ጌም የተሠራህ ነህ። እኛ አገር ቤት የሚፈልግ ሰው እንዴት ነው የሚመራው? «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብለህ፣ ግሮሰሪዋን አልፈህ፣ ሰማያዊ በር ስታይ ጠይቅ።» ሞሮዊንድ ልክ እንደዚህ ነው የሚያወራህ። በ2002 ቤተስዳ የሚባለው ኩባንያ ያወጣው ጌም ነው፣ ቫርደንፌል የሚባል መሃሉ ላይ እሳተ ገሞራ ያለበት ደሴት ላይ ከመርከብ የሚወርድ እስረኛ ነህ፣ ማን እንደሆንክ እንኳ የምትነግራቸው አንተ ነህ። ወደ ባልሞራ ከተማ ሄደህ ኬየስ ኮሳዴስ የሚባል ሰው ፈልግ ትባላለህ። የት ነው ቤቱ? ጠይቅ። ካልጠየቅክ አታገኘውም።

ደብዳቤህ ላይ «ከድልድዩ አልፈህ» ስትል አርክንግታንድ የሚባለው ፍርስራሽ እንደሆነ ገመትኩ፣ እንቆቅልሽ ሳጥን አምጣ የተባልክበት። ሁላችንም የጠፋንበት ቦታ ነው። ከባልሞራ በደቡብ ውጣ፣ የወታደሮቹን ምሽግ እለፍ፣ ድልድዩን ተሻገር። በሩ በእጅ አይከፈትም፤ አጠገቡ ከቧንቧ ላይ የወጣ እጀታ አለ፣ እሱን አዙር። ውስጥ ገብተህ ሣጥኑን ስትፈልግ ደግሞ ትልቅ ነገር አትጠብቅ። ትንሽዬ ኩብ ነች፣ መደርደሪያ ላይ ነች። እኔ ዋሻውን ሦስት ጊዜ ዞሬ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ስለ ሰይፉ፦ ጌሙ በሰነዘርክ ቁጥር ዕጣ ይጥላል። ዕጣው በዋናነት የሚቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው በያዝከው መሣሪያ ያለህ ችሎታ ነው፤ ጌሙን ስትጀምር ረጅም ሰይፍ ከመረጥክ ጩቤ ይዘህ አትዋጋ። ሁለተኛው አረንጓዴዋ የድካም መስመር ናት። ሮጠህ ሮጠህ ባዶ አድርገሃት ከገባህ ዓይጥ እንኳ አትመታም። ከመዋጋትህ በፊት ቆም ብለህ ተንፍስ። ይሄን ብቻ ብታደርግ ጌሙ ሌላ ጌም ይሆንልሃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ካላየኸው። ከመጀመሪያዋ መንደር ከሴይዳ ኒን ወጣ ስትል ሰማይ ላይ ጩኸት ትሰማለህ። ቀና ስትል ሰውዬ ይወድቃል፣ እፊትህ ይሞታል። አስማተኛ ነው። ቦርሳው ውስጥ ማስታወሻና ሦስት ጥቅልል አለ። ጥቅልሉን አንብበህ ስትዘል ደሴቱን አቋርጠህ ትበራለህ፣ ቤቱ ሁሉ ከታችህ ያንሳል። ስታርፍ ግን እንደሱ ትሞታለህ፣ መሬት ሳትነካ ሁለተኛውን ጥቅልል ካላነበብክ። ማንም ይሄን አይነግርህም። ወጥመዱንም ማምለጫውንም ራስህ ነህ የምታገኘው። አዲስ ጌም ቢሆን ትልቅ ማስጠንቀቂያ ስክሪኑ ላይ ይጽፍልህ ነበር። እና ቁልፍ የሆነ ሰው በስህተት ብትገድል ጌሙ የታሪኩ ክር ተበጥሷል፣ ከፈለግክ በዚሁ በተበላሸው ዓለም ቀጥል ይልሃል። ይፈቅድልሃል! ይሄን ያህል የሚያምንህ ጌም አሁን ስንት አለ?

ኮምፒውተርህ ላይ ከተቋረጠብህ ኦፕን ኤምደብሊው የሚባል በነፃ የሚገኝ ማስነሻ አለ። በፈቃደኞች የተሠራ ነው፣ ዋናውን ጌም ካለህ በሊኑክስም በማክም ላይ ያስኬደዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አጎቱ ቤት በመጣ ቁጥር ስለ ሳን አንድሪያስ እያወራለት ልጁ ካልተገዛልኝ ብሎ አስቸግሮኛል። ድሮ ጌም ስለሆነ ለልጅ ይሆናል ይለኛል አጎቱ። እውነት ነው?
— እናት፣ ከዳላስ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አይሆንም። ድሮ መሆኑ አያቀለውም። እርስዎ ባሉበት አሜሪካ ከ17 ዓመት በላይ የሚል ደረጃ ነው ያለው። በ2005 እንዲያውም የተደበቀ የወሲብ ትዕይንት ተገኝቶበት ለጊዜው ወደ አዋቂ ብቻ ከፍ ተደርጎ ነበር። እኛ በዚያ ዕድሜ መጫወታችን እውነት ነው፣ ማንም ስላልጠየቀን ነው እንጂ ልክ ስለሆነ አይደለም።

ልጁ የፈለገው ግን መግደሉን አይመስለኝም፤ አጎቱ የሚያወራለትን ከተማ ነው። ለእሱ ዕድሜ የሚሆን ከተማ አለ። ሌጎ ሲቲ አንደርከቨር ፖሊስ ሆኖ ሰፊ ከተማ የሚዞርበት ነው፣ ሳቅ አለው፣ ደም የለውም። በርናውት ፓራዳይዝ ደግሞ መንዳት ብቻ ነው፣ መንገድ ላይ የሚሄድ እግረኛ አይታይም፣ መኪኖቹ ውስጥ ሹፌር እንኳ የለም። ሁለቱም ከ10 ዓመት በላይ ተብለው ነው የወጡት። የመጀመሪያውን ቀን አጎቱ አብሮት ቁጭ ይበልና ይጫወት። ልጁ ካርታውን ከእሱ ቀድሞ ነው የሚይዘው።

ጥያቄ፦ ፋር ክራይ 2 አፍሪካ ውስጥ ነው ይባላል። ለእኛ ለአፍሪካውያን መጫወቱ ያኮራል ወይስ ያሳፍራል?
— ከድሬዳዋ

መልስ፦ ሁለቱንም አደረገኝ። ጌሙ የወጣው በ2008 ነው። አገሪቱ ስም የላትም፣ አፍሪካ ብቻ ናት። እርስ በርስ ጦርነት ላይ ናት፣ ያገኘኸው ሁሉ መሣሪያ ይዞ ይተኩስብሃል፣ ተራ ሰው የሚታየው ተደብቆ ነው ማለት ይቻላል። ገበያ የሚወጣ የለም፣ ልጅ የለም፣ ሠርግ የለም። እንደ አፍሪካዊ ይሄ ያማል፣ ሳላማኻኝ ነው የምለው። አገር ሠርተው ሕዝቡን ረሱት።

ግን ምድሩን የሠራው ሰው ምድር አይቷል። ደረቅ ሣር ላይ እሳት ስትለቅ ነፋሱ ወደነፈሰበት ይሄዳል፣ ወደ አንተም ይዞርብሃል። መሣሪያህ ይዝጋል፣ መሃል ተኩስ ላይ ይነክሳል። ወባ ይይዝሃል፣ መድኃኒት ለማግኘት ሥራ መሥራት አለብህ። ካርታው ደግሞ ወረቀት ነው። መኪና እየነዳህ በአንድ እጅህ ታወጣዋለህ፣ ዝቅ ብለህ ታየዋለህ፣ ቀና ስትል ዛፍ ላይ ነህ። ኬላዎቹ ያሰለቻሉ፣ አጽድተህ ስትመለስ ወታደሮቹ ተመልሰው ይጠብቁሃል። ለማታ ጉዞ ብቻ ብዬ አሁንም እከፍተዋለሁ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ያለው ብርሃን የእኛው ቆላ ነው።

ጥያቄ፦ የሳን አንድሪያስ ባቡሩ! የሲጄን ጓደኛ ስሞክን ሞተር ላይ ጭኜ ባቡሩን የማሳድድበት። ያኔም አላለፍኩትም፣ ባለፈው ሳምንትም ሞከርኩ፣ አሁንም ስሞክ ይሰድበኛል። እርዳኝ።
— ከመቀሌ

መልስ፦ ስህተቱ ሁሌ አንድ ነው፣ ሰው ባቡሩ ላይ ይለጠፋል። ከተለጠፍክ ስሞክ ከጣሪያው ላይ ያሉትን የጠላት ልጆች ማየት አይችልም፣ ጥይቱ የባቡሩን ጎን ነው የሚመታው። ከሐዲዱ ራቅ በል፣ ከባቡሩ እኩል ሂድ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ከፊት ለፊት ሌላ ባቡር ሲመጣ አትደንግጥ፣ በውጪ በኩል እለፈው። ስሞክ ሲጮህ ወደ እሱ አትዙር፣ መንገድህን ብቻ እይ። ሲጨርስ ስሞክን ወደ ቤቱ መልሰው። ከዚያ አንተ ወደ ግሮቭ ስትሪት ነህ፣ በየት በኩል እንደሆነ ደግሞ ታውቀዋለህ።